የአዘናው ቀብር

...አላየኋቸውም ብል ማን ይመሰክርብኛል፣ ዝናብ ነው፣ መስታወቱ ጉም ለብሷል፣ ንዳ በቃ፣ ዝም ብለህ ንዳ፣ ከጫግኒ የጫንከው በቆሎ ነው እንጂ የሰው ጣጣ አይደለም። ዳንግላ አስታራቂ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፣ ከስድስት ሰዓት ወዲያ አንጠብቅም ብለዋል፣ ሚስቴ እመቤትም በሰው ልካብኛለች፣ ዛሬ ከቀረ ትዳሩን ይርሳው፣ አራት ወር ሆናት እናቷ ቤት ከገባች፣ ያለፉትን ሁለት ቀጠሮ በመንገድ አሳብቤ ቀርቻለሁ።

ግን የሬሳ ሳጥን ነው ያየሁት።

አንድ ፒክአፕ ቦይ ውስጥ ተደፍቷል፣ አጠገቡ የቆሙት ሽማግሌ እጃቸውን እንኳ አላነሱም፣ ዝም ብለው አዩኝ፣ ይሄ ነው የበላኝ፣ ቢለምኑኝ እኮ ጥያቸው እሄድ ነበር። ፍሬን። ወደኋላ። ምን አገባህ አንተ ሰውዬ።

ምን ሆናችሁ ነው አባቴ? ልጄ ነው፣ ይላሉ፣ ቆላ ለሥራ ወርዶ ወባ ጣለው፣ አዘና ወስደን ልንቀብረው ነበር፣ ሹፌሩ እርዳታ ፍለጋ በእግሩ ሄደ፣ ኔትወርክ የለ፣ ሁለት መኪና አልፎናል። ምህረቴ የሚሏት ሴት ልጃቸው በአውኝኛ አንድ ነገር ትላቸዋለች፣ ቋንቋውን አልሰማም፣ አያስቸግሩት የምትል ይመስለኛል፣ ነጠላዋን ሳጥኑ ላይ ጥላ እሷ ትንቀጠቀጣለች።

አዘና። ከዋናው መንገድ ወጥቶ፣ ያን ጭቃ፣ ያን ቁልቁለት፣ ሄጄ እስክመለስ ስድስት ሰዓት አይደለም ዘጠኝም ያልፋል። ባለበቆሎው እህሌ ላይ ሬሳ ጫንክ ቢለኝስ? ይበል። እመቤትስ? አፌ ቀድሞኝ፣ አባቴ በዚያ በኩል ይያዙልኝ፣ ይላል።

ከማሳ የወጡ ሁለት ገበሬዎች ያግዙናል። ሳጥኑ ይቀላል። ሰው እንዲህ ይቀላል እንዴ።

ጎማው ይሾራል፣ ይንሸራተታል፣ በግራ ገደል ነው፣ ሽማግሌው ጋቢናህን በጭቃ አበላሸሁት ይሉኛል፣ ኧረ ይተዉት አባቴ፣ ምህረቴ በዝናብ ከላይ ሳጥኑን አቅፋለች፣ ግቢ ብላት እምቢ፣ ብቻውን አልተወውም አለች፣ እኔ እመቤትን ስንት ሌሊት ብቻዋን... ተው፣ መንገዱን እይ።

ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ እሪታው ይቀበለናል። አንዱን ጫፍ እሸከማለሁ፣ ማነህ የሚለኝ የለም፣ አፈር አልብሰን ስናበቃ ስልኬ ይጮኻል።

የት ነህ? ትላለች እመቤት። ቀብር ላይ። የማን? ለካ ስሙን አልጠየቅሁም፣ አባቴ ልጅዎ ማን ይባላል? ሽማግሌው ቀና ይላሉ፣ ቢሻው፣ ቢሻው አየነው፣ ይላሉ፣ ቀኑን ሙሉ አምቀው የያዙት ዕንባ አሁን ይወርዳል። ቢሻው ይባላል፣ እላታለሁ፣ አላውቀውም እመቤት፣ መንገድ ላይ ነው ያገኘኋቸው።

ከመቃብሩ ፈቀቅ እላለሁ።

ሽማግሌዎቹ ተነስተው ሄዱ፣ ትላለች። አውቃለሁ። ዝናብ መታህ? መታኝ። እህል ቀመስክ? አልቀመስኩም፣ እላለሁ፣ ና አትልም፣ አትምጣም አትልም፣ ስልኩን ግን አትዘጋም፣ እኔም አልዘጋም፣ ስትተነፍስ እሰማታለሁ