አርባ አራተኛው ጣሳ

አባቴ አቶ ወንዳፍራሽ ሠላሳ ዓመት በምድር ባቡር ዕቃ ግምጃ ቤት ሠርተው ጡረታ ሲወጡ፣ ለማረፊያ የመረጡት ሰበታን ነው። በዚያን ጊዜ ባቡር የማይደርስበትን ከተማ። እናቴ ወርቅውሃ ከፉጨቱ ተገላገልን ብላ ደስ ብሏት ነበር። ደስታዋ አንድ ክረምት እንኳን አልቆየም። አባባ፣ ባቡሩ እዚህ ካልመጣ እኔ እሠራዋለሁ ብለው፣ ከለገሃር እስከ ድሬዳዋ ያለውን መስመር ሳሎናችን ውስጥ መዘርጋት ጀመሩ።

ፉርጎው የክብሪት ሣጥን ነው፤ መንኮራኩሩ የጠርሙስ ቆርኪ፤ ሃዲዱ ከአሮጌ ጃንጥላ የተነቀለ ሽቦ። ይህን ሁሉ ኮተት መልክ የማስያዙ ሥራ የወደቀው እኔ ላይ ነው። የእናቴን የቅመም ጣሳዎች አንድ በአንድ ወስደን አርባ ሦስት አደረስናቸው፤ በየጣቢያው ስም ወረቀት ለጠፍኩባቸው። አቃቂ ውስጥ ቆርኪ፣ ሞጆ ውስጥ ለሣር የሚሆን አረንጓዴ የተነከረ ሰጋቱራ፣ አዋሽ ውስጥ ሽቦ። አንድ ቀን እናቴ በሶብላ መስሏት ሞጆን ወጥ ውስጥ ነሰነሰችው። ጎመን ነው ብለን በላን።

አባባ የግምጃ ቤት ልማዳቸውን አልተዉም። ከጣሳ አንድ ነገር ከወጣ ወረቀት ይጻፋል፤ የወጣው ዕቃ፣ የተረከበው ሰው፣ የሚመለስበት ቀን። እናቴ፣ በገዛ ቤቴ ለገዛ ማንኪያዬ ፈረምኩ እያለች ለጎረቤት ታማቸዋለች።

እኔ አትክልት እባላለሁ። በሃምሳ ዘጠኝ ዓ.ም. ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ሞቱማንም ወድጄው ነበር። የማታ ትምህርት ቤት ነው የተዋወቅነው፤ ቡራዩ አጠገብ የገፈርሳን ግድብ ከሚጠብቁት ሠራተኞች አንዱ ነው። መስከረም ላይ ሽማግሌ ላከ። ጥር ካለፈ ጾም ይገባል፣ ሠርግ የለም። እስከዚያ ግን ብዙ ጊዜ ያለን መስሎን ነበር።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። ዋናው የሞቱማ አጎት ኦቦ ቀጄላ ነበሩ። እንደ ደንቡ ቆመው ቃላቸውን ተናገሩ፤ አባባም ተቀመጡ አሏቸው። የት ይቀመጡ? ወንበሩን አቃቂ ይዞታል፣ መደቡን ሞጆ። ኦቦ ቀጄላ አንዱን ጣሳ አንስተው አዋሽ አጠገብ ሲያስቀምጡት፣ ልጃቸውን ሲጠየቁ ያልደነገጡት አባቴ ብድግ አሉ። ቦታው እስኪስተካከል ነገሩ ተረሳ፤ አባባም ዘመድ ላማክር ብለው ለጥቅምት ቀጠሩ። ይሄ ያለ ነው። ሴት ልጅ ያለው ሰው በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም።

በጥቅምት ኦቦ ቀጄላ "አካም ጅርቱ" ብለው ገቡና፣ ከኮታቸው ኪስ ስድስት ባዶ የክብሪት ሣጥን አወጡ። አባባ ጥሎሽ የመጣላቸው ያህል ፊታቸው በራ። በኅዳር ሦስቱም ኪሳቸውን ቆርኪ ሞልተው መጡ። መሬት ላይ ተቀምጠው ዝገት ያለውንና የሌለውን ሲለዩ ዋሉ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ጥርሴን አፋጫለሁ። ሊሄዱ ሲሉ፣ በሩ ላይ፣ ኦቦ ቀጄላ የመጡበት ትዝ አላቸውና ያ የልጆቹ ነገርስ ብለው ጠየቁ። በሚቀጥለው እናነሳዋለን አሉ አባባ።

ሞቱማ ደብዳቤ ጻፈልኝ። አጎቴን ምን ተባለ ብዬ ብጠይቀው፣ ነገሩ ጥሩ እየሄደ ነው፣ ናዝሬት ደርሰናል አለኝ፤ ምን ማለቱ ነው? ይላል። 

ታኅሣሥም እንዲሁ አለፈ። በጥር አጋማሽ፣ የአምስተኛው ቀጠሮ ዋዜማ፣ አባባ ለእናቴ ሌላ ቀን እንደሚሰጧቸው ሲነግሯት ሰማሁ። ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። ጆንያ አነሳሁና ሳሎን ገባሁ። አርባ ሦስቱንም ጣሳ እዚያ ውስጥ ገልብጬ፣ ቆርኪውን ከሰጋቱራው አደባልቄ፣ እስኪ ይለዩት ልል ነበር። ከድሬዳዋ ጀመርኩ። ድሬዳዋን ሳነሳ ከጀርባው አንድ ጣሳ ብቅ አለ። የእኔ ወረቀት የለበትም። በአባባ የተንጋደደ ጽሕፈት፣ ገፈርሳ ይላል።

ከፈትኩት። ከክብሪት ሣጥን የተሠራች ትንሽ ጣቢያ አለች፤ ለግድቡ ውሃ የሚሆን የመስታወት ስባሪ፤ ነጠላ የለበሰች አንዲት የክብሪት እንጨት።

አባባ በሩ ላይ ቆመው ያዩኝ ነበር።

"አባባ፣ ገፈርሳ እኮ ባቡር የለም" አልኳቸው።

"ስለሌለ ነው የምሠራው። ልጄን መስመር ወደሌለበት እንዴት ልስጥ? አራት ሽቦ ጎደለኝ።"

"ለአራት ሽቦ ነው አምስት ወር?"

 አባባ ጆንያውን ከእጄ ወሰዱና "አንቺ ስትሄጂ የቱ የት እንዳለ ማን ያውቃል?" አሉኝ። የጣሳ ነገር እንዳልሆነ ገባኝ። ንዴቴ ጠፋ፤ አለቀስኩ። እሳቸው አላለቀሱም፤ ድሬዳዋን ወደ ቦታው መለሱ።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ መጥተው እንደቆሙ አባባ ጉሮሯቸውን ጠርገው ዘመድ ላማክር ሊሉ ሲጀምሩ፣ ደንቡን ጥሼ ከመጋረጃው ወጣሁ። የጎደለው ዘመድ ሳይሆን አራት የጃንጥላ ሽቦ ነው ብዬ ተናገርኩ። እናቴ አፏን ያዘች። ሁለቱ ሽማግሌዎች ቀስ ብለው ወደ ኦቦ ቀጄላ ዞሩ። ኦቦ ቀጄላ ደግሞ ለዚሁ ሽምግልና ብለው የገዙትን አዲስ ጥቁር ጃንጥላ ተመለከቱ። ረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

"ቶሌ፣ እሺ" አሉ በመጨረሻ፣ "ጃንጥላ ይገዛል።"

አባባ በጉጠት አራቱን ሽቦ ነቀሉ። ከለገሃር ተነስቶ በቡፌው ስር የሚያልፈው አዲስ ሃዲድ ገፈርሳ፣ መስታወቷ ዳር ሲደርስ፣ ሁላችንም መሬት ላይ ተንበርክከን ነበር። ከዚያ አባባ ተነስተው ወረቀታቸውን አወጡ። ጽፈውም ለኦቦ ቀጄላ ሰጡ። ኦቦ ቀጄላ መነጽር ስላልያዙ አንብቢልን ብለው ለእኔ ሰጡኝ።

የወጣው ዕቃ፦ አትክልት ወንዳፍራሽ። የተረከበው ሰው፦ ኦቦ ቀጄላ፣ ስለ ሞቱማ። የሚመለስበት ቀን፦ በየእሑዱ።

ኦቦ ቀጄላ ፈረሙ። ከዚያም ግማሹ የወደቀ ጃንጥላቸውን ዘርግተው በጠራራ ፀሐይ ወደ አውቶቡሱ ሄዱ።