የታጠፈው ጠርዝ

እናቴ የፎቶግራፉን መስታወት በመሀረቧ ጫፍ እየወለወለች ነው። ሚኒባሱ ጠመዝማዛውን ዳገት ሲዞር ፍሬሙን ደረቷ ላይ ታስጠጋዋለች፤ መንገዱ ሲቃና መልሳ ጉልበቷ ላይ አጋድማ ትወለውላለች። መስታወቱ ከቤት ስንወጣም ንጹህ ነበር።

«እትዬ፣ እንዳትበሺው» አለ አጎቴ ከፊት ወንበር ዞሮ።

«አንተ መንገዱን እይ።»

«እኔ አልነዳ፣ ምኑን ልይ?»

አጎቴ የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። እኔን «መነጽር» ይለኛል፤ መነጽር ቤት ስለምሠራ እንጂ መነጽር ስለማደርግ አይደለም። ቀልድ ካልተናገረ ጥርሱን የሚያመው ሰው ነው። ይህን ጉዞ ያመጣውም የእሱ ቀልድ ነው።

ፎቶግራፉ ላይ ሐይቅ አለ። በግራ በኩል ነጭ፣ ረዥም የግድብ ግድግዳ ቆሟል። ከኋላ ሁለት ተራሮች ይታያሉ፤ አንዱ ሹል ነው፣ አንዱ አናቱ ጠፍጣፋ። ጠፍጣፋው የሹሉን አንድ ትከሻ ጋርዶታል። ሰው የለበትም። አባቴ በወጣትነቱ ወደ እነዚህ ተራሮች ሲሚንቶ ያመላልስ ነበር። እናቴን ላግባሽ ብሎ የጠየቃት ቀን ቀለበት አልነበረውምና ይህን ፎቶግራፍ ሰጣት። «ራሴ ነኝ ያነሳሁት። አንድ ቀን ይሄን ካየሁበት ቦታ ወስጄ አስቀምጥሻለሁ» አላት። ዛሬ ነገ ሲል ሳያስቀምጣት ባለፈው ዓመት ሞተ።

አባቴ ሲያወራ ነገር ይረዝምበት ነበር። ካፊያ ያገኘው እንደሆነ ማታ ቤት ሲደርስ ጎርፍ ይሆናል፤ መንገድ ላይ ያያት ቀበሮ እራት እስኪቀርብ ነብር ሆና ትገባለች። ሁላችንም እያወቅን እንስቅለት ነበር። እናቴ ግን ፎቶግራፉን ከዚያ ሁሉ ለይታ ነው ያስቀመጠችው። ሐዘኑ በረድ ሲል አጎቴ ምሳ እየበላ ወደ ግድግዳው ቀና ብሎ፣ «ይሄማ ከሱቅ የተገዛ ነው፤ እንዲህ ያለ ጥርት ያለ ነገር ወንድሜ ከየት አምጥቶ? ጀርባውን ገልጠሽ እዪ፣ የሱቁ ማኅተም ይኖርበታል» አለ። ክፋት አልነበረበትም። አፉ ቀደመው።

እናቴ አልገለጠችም። ልብስ ሰፊ ናት፤ አንድ ክር ሲመዘዝ ምን እንደሚከተል ታውቃለች። ሰንብታ ግን ስፌት መሃል መኪናዋን አቁማ፣ «ጀርባውን አላይም። ቦታውን ነው የማየው» አለችኝ። «ቦታው ካለ እውነቱን ነው። ከሌለ ደግሞ ምን ይዤ እንደኖርኩ ልወቅ።»

አጎቴም «ብቻችሁን አትሄዱም» ብሎ ተከተለን። ጸጸት ይሁን ጉጉት ለይቼ አላውቅም።

ሐይቆቹ ሦስት ናቸው። አንድን ወንዝ ሦስት ቦታ ላይ አግደው፣ እንደ ደረጃ አንዱን ከአንዱ በታች ሠርተዋቸዋል። ጎብኚዎች ከላይ ጀምረው ወደ ታች ይወርዳሉ፤ እኛም እንደዚያው አደረግን።

የላይኛው ሐይቅ ጥቁር አረንጓዴ ነው። ጥዶቹ እስከ ውሃው አፋፍ ወርደው ቆመዋል። እንዲህ ያለውን ውሃ ሰው እንደሠራው የሚያሳብቅበት ዳርቻው ነው። የተፈጥሮ ሐይቅ ዳር ጭቃና ደንገል ይኖረዋል፤ መሬቱ ቀስ እያለ ነው ውሃ የሚሆነው። እዚህ ግን ተራራው ቁልቁል እየወረደ ሳለ ድንገት ውሃ ይገባል፤ ወሬውን ሳይጨርስ አፉን እንደያዙት ሰው። ቀሪው ተራራ ታች እንዴት ይሆን እያልኩ ቆየሁ። እናቴ ግን ግድቡን አንዴ አይታ ፊቷን አዞረች። አፈርና ድንጋይ የተከመረበት ነው፣ ሣር በቅሎበታል።

«ይሄ ግድግዳ የለውም። ቀጥሉ።»

መካከለኛው ሐይቅ ጋ ግድግዳ አገኘን፤ ግን እንደ ቀስት የጎበጠ ነው። የፎቶግራፉ ቀጥ ያለ ነው። አጎቴ ፎቶ የሚነሱትን ሙሽሮች ቆሞ እያየ፣ «እትዬ፣ አርጅቶ ጎብጦ ቢሆንስ?» አላት።

«አንተ ጎብጠህ ሳትጨርስ እሱ አይጎብጥም።»

ታችኛው ሐይቅ ዘንድ ስንደርስ ተራሮቹ እዚያው ነበሩ። አንዱ ሹል፣ አንዱ አናቱ ጠፍጣፋ፣ በግራ ቀጥ ያለ ነጭ ግድግዳ። እናቴ ፍሬሙን ከፍ አድርጋ ያዘችው።

«ይኸው!» አለች። «ይኸው፣ አንተ ሰው!»

«ተራሮቹስ እነሱው ናቸው» አለ አጎቴ። «ግን እዪ እስቲ፣ መነጽር፣ የአንቺ ሥራ ነው፤ ልክ ነው?»

አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አስተያየሁ። ልክ አልነበረም። ፎቶግራፉ ላይ ጠፍጣፋው ተራራ የሹሉን ትከሻ ጋርዷል፤ እኛ ካለንበት ግን በሁለቱ መሃል ሰፊ ሰማይ አለ። ወደ ቀኝ ስንሄድ ሰማዩ ሰፋ። ወደ ግራ ስንሄድ ግድቡ ከጉብታ ኋላ ተደበቀ። ወደ ውሃው ስንወርድ ነበር ተራሮቹ የሚቀራረቡት። ወረድን፤ ተቀራረቡ። ከዚያም ወረድን። ክፍተቱ ጠቦ ጠቦ የበር ስንጥቅ ያህል ሲሆን ጫማዬ ረጠበ። ከዚያ ወዲያ መሬት የለም።

እናቴ ጎን አንድ ያረጀ የጠጠር መንገድ ነበር፤ ቁልቁል መጥቶ ውሃ ውስጥ ይገባል። ወዲያ ማዶ ሲወጣ አይታይም። «ይሄ የት ነው የሚሄደው?» አለች፤ መልስ ግን አልጠበቀችም።

አጎቴ ሳቀ። «እንግዲህ ወንድሜ እንደ ዳክዬ እየዋኘ ነዋ ያነሳው።»

እናቴ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም። ፍሬሙን ዝቅ አድርጋ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ፊቷ እንዲህ ሲሆን ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የሙሽራ ልብስ ቆርጣ ከጨረሰች በኋላ ልኩ የሌላ ሴት መሆኑን ያወቀች ዕለት። አጎቴም አየና ሳቁን ዋጠ። ድንጋይ አንስቶ ወደ ውሃው ወረወረ፤ ሌላ አነሳ፣ እሱን ግን አልወረወረውም።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ለጨዋታ ነው...»

«ዝም በል እስቲ።» ዓይኗን ከግድቡ ላይ አልነቀለችም። አንዴ ግድቡን፣ አንዴ ፎቶግራፉን ታያለች። ከአንገቷ የማይለየውን የስፌት ሜትር ሳታስበው በጣቷ ትጠቀልላለች። «አንቺ ልጅ፣ ነይ። ያ መስኮት የሚመስለው ጥቁር ነገር ይታይሻል? ግድቡ ላይ?»

«ይታየኛል።»

«ከውሃው ምን ያህል ይርቃል?»

«ውሃው ሊነካው ነው።»

«እዚህስ?»

ፎቶግራፉን አየሁ። ጥቁሩ መስኮት ግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ ነበር፤ ከሥሩ ነጩ ግድግዳ ወርዶ፣ ወርዶ፣ ከታች ብቻ ነው ውሃ የሚጀምረው። ዕድሜ ልኬን ሳየው ኖሬ አላስተዋልኩትም።

«ግድቡ አጥሯል» አለች እናቴ። «ጨርቁ አልተቆረጠም፤ ታጥፏል እንጂ። ውሃው ነው ያጠፈው።» ከድንጋዩ ተነሳች። «ያኔ ሐይቁ ገና መሙላቱ ነበር። የቆመበት ቦታ እዚያ መሃል ነው። ከሥር።»

ከሐይቁ ዳር ጎብኚ የሚያዞር አንድ ባለ ጀልባ ነበር። እናቴ የምትፈልገውን ስትነግረው ኮፍያውን ገፋ አድርጎ ራሱን አከከ።

«እናቴ፣ ሰው ሁሉ ማዶ ያለችው ደሴት ጋ ውሰደኝ ነው የሚለኝ። እርስዎ ባዶ ውሃ ላይ ልቁምልዎ?»

«ባዶ ውሃ ላይ።»

«ይግቡ፤ ቀላል ነው። ወደ ደሴቲቱ ሰውን ማውረድ አለ፣ መጫን አለ።»

የመንሳፈፊያ ጃኬቱን ሲያለብሳት እናቴ ስፌቱን ገልብጣ አየች። «ማን ነው ይሄን የሰፋው? በጥርሱ ነው እንዴ?» ባለ ጀልባው ሳቀ። አጎቴ ግን ሁለት ደራርቦ እንዲለብስ ለመነ፤ ዋና አይችልም። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አልቆበት የጀልባውን ጠርዝ በሁለት እጁ ጨብጦ ተቀመጠ።

እኔ ከፊት ሆኜ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ እየመራሁ፣ ጀልባው በዝግታ ሄደ። ስንጥቁ ጠበበ። ተዘጋ። ከዚያ ጠፍጣፋው ተራራ የሹሉን ትከሻ እንደ መጋረጃ ቀስ ብሎ ጋረደው።

«እዚህ ነው!» አልኩ።

ባለ ጀልባው ሞተሩን አጠፋ። ጸጥ አለ። እናቴ ፍሬሙን ከፍ አድርጋ ከተራሮቹ ጋር አስተካከለችው፤ ገጠመ። ወደ ውሃው አጎንብሳ፣ «ከሥራችን ምን አለ?» ብላ ጠየቀች።

«መንገድ አለ» አለ ባለ ጀልባው። «ግድቡ ሲሠራ የጭነት መኪኖቹ የሚመላለሱበት። ውሃው በጣም የሸሸ ዓመት ጫፉ ብቅ ይላል። አሁን አይታይም።»

እናቴ ግን ማየቷን አልተወችም። እኔም አየሁ። አረንጓዴ ብቻ ነው፣ ዝቅ እያለ የሚጠቁር። እዚያ ታች አንድ መኪና አቧራ እያስነሳ ሲያልፍ ለማሰብ ሞከርኩ፤ ጎማው የረገጠው ጠጠር አሁንም እንደተበተነ ይሆን? ዓሦቹስ መንገድ መሆኑን ያውቃሉ?

«እንግዲህ አስቀመጠኝ» አለች እናቴ፣ ለማንም አይደለም።

አጎቴ የጀልባውን ጠርዝ ሳይለቅ ጉሮሮውን ጠረገ። ዝም ቢል ጥሩ ነበር። «ቦታውስ ቦታው ነው፣ እትዬ። ግን ያን ጊዜ ስንት ሾፌር፣ ስንት መሐንዲስ፣ ስንት ፎቶ አንሺ አልፎበታል...»

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰም። ጎረምሶች የጫነች ፈጣን ጀልባ በአጠገባችን በረረች። ማዕበሉ መጣና ጀልባችንን አነሳት፤ ውሃው እናቴን ደረቷ ድረስ መታት። ፍሬሙን ወደ ላይ ብታነሳም ዘግይታ ነበር። በመስታወቱ ሥር እርጥበት እንደ ሥር እየተሰራጨ ሲሄድ ሁላችንም አየነው።

«ወደ ዳር!» አለች። «ቶሎ በል ልጄ!»

ዳር ደርሰን ፀሐይ ያሞቀው ጠፍጣፋ ድንጋይ አገኘን። ፎቶግራፉ ከመስታወቱ ጋር ከመጣበቁ በፊት ካልወጣ እንደሚላጥ ሁላችንም አውቀናል። እናቴ ፍሬሙን በፊቱ ደፍታ አስቀመጠችው፣ እጇን ግን አላነሳችም። አጎቴ ወደ ተራራው ዞረ።

«ክፈቺው» አለችኝ።

ቦርሳዬ ውስጥ የመነጽር ብሎን የማጠብቅባት ትንሽ መፍቻ አትጠፋም። የፍሬሙን ጀርባ የያዙትን ዝገት የበላቸውን ምስማሮች በእሷ አንድ በአንድ ቀና አደረግኋቸው። ካርቶኑን አነሳሁ። ከሥሩ የፎቶግራፉ ጀርባ ታየ። ነጭ ነው፤ ማኅተም የለበትም፣ ጽሑፍም የለበትም።

«ምንም የለውም» አልኩ።

«ሌላ ምንም?» አለች።

ሌላ ነገር ነበረ። በአንድ በኩል ጠርዙ ወደ ኋላ ታጥፏል። ፍሬሙ ስለጠበበው ይመስላል። እናቴ እጥፋቱን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው፣ እንደ ቀሚስ ጫፍ። ከዚያ ቀስ ብላ ዘረጋችው።

የተደበቀው ስስ ክፍል ብርሃን ስላላየ ቀለሙ አልደበዘዘም። ከላይ እስከ ታች የመኪና በር ጠርዝ ይታያል። በሩ ላይ የጎን መስታወት አለ። መስታወቱ ከክንዱ ጋር በሽቦ ተጠምጥሞ ታስሯል፣ የሽቦው ጫፍ ቀንድ አውጥቷል።

«ስፖኪዮ ነው» አልኩ። «ከጋቢና ውስጥ ሆኖ ነው ያነሳው።»

አጎቴ ዞረ። መጣና ጎንበስ አለ። ሁለቱም የመንሳፈፊያ ጃኬቶች አሁንም ደረቱ ላይ ነበሩ፤ ማውለቁን ረስቶታል። ጣቱን ወደ ሽቦው አስጠጋ።

«እንዲህ ነው የማስረው» አለ በመጨረሻ። «ሁለት ዙር፣ ከዚያ ወደ ላይ ቆልመም። እኔ ነኝ ያሰርኩት። በር ላይ ገጭቶት ነው። አዲስ እስኪገኝ አልኩት። በዚያው ቀረ።»

«ታዲያ ለምን አጠፈው?» አልኩ።

«አፍሮ ነዋ!» አለች እናቴ። «ሊያገባኝ መጥቶ በሽቦ የታሰረ መኪና ያሳየኝ?» ሳቀች፤ ሳቋ ውስጥ ዕንባ ነበረበት። «አቤት ይሄ ሰው! ያልሆነውን ሁሉ ሲያወራልኝ ኖሮ የሆነውን አጥፎ ደበቀብኝ።»

«እትዬ...»

«ከአንተ ጋር ደግሞ ቤት እንገናኛለን። አሁን ጃኬታቸውን መልስላቸው፤ ሌባ ይሉናል።»

እሱ ሲሄድ ፎቶግራፉ ድንጋዩ ላይ እየደረቀ ነበር። እናቴ ዓይኗን አጥብባ፣ «መስታወቱ ውስጥ የሚታየው ምንድነው?» አለችኝ። ሥራዬ ማየት ነውና አጎንብሼ አየሁ። ነጭ ነገር ነው። የሸሚዝ እጅጌ ሊሆን ይችላል፤ ደመናም፣ የሲሚንቶ ከረጢትም።

«አልለየሁትም።»

«ቤት በማጉያ ታዪዋለሽ?»

«የፎቶው ነጥብ ብቻ ነው የሚተልቀው፣ ምስሉ አይጠራም፣ እማዬ።»

አሰበችበት። «ይሁን። ማየቴን አልተውም ማለት ነዋ።»

ሲደርቅ ፍሬሙ አሁንም ጠባብ ነበር። እናቴ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ለካች፣ ከዚያ በወዲያኛው በኩል፣ ከግድቡ ማዶ ያለውን ባዶ ዳገት በጥፍሯ እየተኮሰች አጠፈችው። ስፖኪዮው ከነሽቦው ወደ ፊት ወጥቶ በፍሬሙ መስታወት ውስጥ ታየ። እኔ ካርቶኑን መለስኩ፣ ምስማሮቹን አጎበጥኩ። እናቴ በመሀረቧ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ አጋደመችውና ዚፑን ዘጋች።