አሥረኛው መስመር

ሲስተር ዘነቡ ነርስ ሆና ስትሠራ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ዲፕሎማ አላት። ሁለት ዓመት ሙሉ ዲግሪዋን በስልክ ስትማር ቆይታለች። ዩኒቨርሲቲውን አይታው አታውቅም፤ መምህራኑም እሷን አያውቋትም። ትምህርቱ በስልክ ይመጣል፣ ፈተናው በስልክ ይሄዳል። ዲግሪ ከሌለሽ ደረጃሽ አያድግም ብለዋት ነው እንጂ ወዳ አልገባችበትም።

እኔ ዘነቡ በምትሠራበት ጤና ጣቢያ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። መጀመሪያ ድሬሰር ይሉን ነበር፤ በኋላ ጤና ረዳት አሉን፤ በመጨረሻ ጡረታ አወጡን። ቤቴ ከበሩ ፊት ለፊት ስለሆነ አሁንም ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። የጤና ጣቢያውን ስም አልጽፍም። ከዲላ ወደ ይርጋጨፌ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ ይበቃል።

ዘነቡ የጽሑፍ ፈተናውን ሁሉ አለፈች። የቀራት የተግባር ደብተር ነበር። ቁስል መስፋት፣ ማዋለድ፣ ደም ሥር ውስጥ ካኑላ ማስገባት፣ እያንዳንዱ ሥራ ዲግሪ ያለው ባለሙያ ፊት ይሠራና እሱ ይፈርምበታል። አሥራ አራት ዓመት የሠራችውን ሥራ እንደምትችል ሌላ ሰው ይመስክርላት ማለት ነው። በጤና ጣቢያችን ዲግሪ ያለው ነርስ አንድ ብቻ ነው፤ ደግነት ይርጋ።

ደግነት ከስድስት ዓመት በፊት ለልምምድ የመጣ ተማሪ ነበር። የሕፃን ደም ሥር እንዴት እንደሚገኝ ያስተማረችው ዘነቡ ናት። መርፌውን በየት በኩል እንደሚይዝ አያውቅም ነበር፤ አይቻለሁ። አሁን ገበሬዎቹ ዶክተር ይሉታል። ዶክተር አይደለም። ሲሉት ግን አያርምም።

ደብተሩን ስትሰጠው «እሺ ሲስተር፤ አንድ ገጽ በአንድ ዲዩቲ» አላት። የሚቀልድ መስሏት ሳቀች። አልቀለደም። እሱ ተረኛ በሆነበት ቅዳሜና እሑድ እሷ ትሠራለታለች፤ ሰኞ አንድ ገጽ ይፈርምላታል። ሰባት ሳምንት እንዲህ ሄደ። እሱ ዲላ ሄዶ ኳስ ያያል።

በስምንተኛው ሳምንት እምቢ አለች። ልጇ ቤቴል ከሕፃናት መዘምራን ጋር ቤተ ክርስቲያን ለመጀመሪያ ጊዜ የምትቆምበት እሑድ ነበር።

«የልጄ ቀን ነው፤ አልችልም» አለችው።

«እኔም ሰኞ ላልችል እችላለሁ» አላት።

የቀራት አንድ መስመር ነበር። ከአምስት ዓመት በታች ለሆኑ አሥር ሕፃናት ግሉኮስ የሚሰቀልበትን ካኑላ ማስገባት አለባት፤ ዘጠኙ ተፈርሟል። ደብተሩ ተሟልቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ዓርብ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ካልተላከ ሲስተሙ ይዘጋል። ከዚያ ሴሚስተሩን ከነተግባሩ እንደገና መድገም ነው። በዚያ ሳምንት ሁለት ሕፃናት መጡ። ሁለቱንም ደግነት ራሱ ወጋ። አንዱን አራት ጊዜ ወጋው፤ እሷ አጠገቡ ቆማ እያለች።

ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ልነግር ብል ስብሰባ ላይ ነበር። ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነው። ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሬ ዱመርሶ ሄድኩ፤ ወደ ደግነት አባት። አቶ ይርጋ ቡና ገበሬ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑም ሽማግሌ ነው። ድሮ ገጀራ የቆረጠውን እግሩን የሰፋሁለት እኔ ነኝ። ከእንጨት በተሠራው ማድረቂያ አልጋ ላይ ያሰጣውን ቡና ሲያገላብጥ አገኘሁት።

«ልጅህ ፊርማ ይሸጣል» አልኩት።

«በገንዘብ?»

«በገንዘብ ቢሆን ይሻል ነበር።» የሆነውን ነገርኩት። እጁን ከቡናው አላነሣም።

«እሱን ያስተማረችው እሷ ናት?»

«እሷ ናት።»

«ነገ እመጣለሁ» አለኝ።

ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ። ከሕመምተኞቹ ጋር ተራ ይዞ ተቀመጠ። ተራው ሲደርስ ገባ፤ በሩ ክፍት ነበር።

«ምን አመመህ፣ አባዬ?» አለ ደግነት።

«አንተ አመምከኝ።»

ወረፋው ሁሉ ሰማ። አንዲት ሴትዮ «ዛሬስ ዶክተሩም ተመረመረ» ብላ ሳቀች።

«ያስተማረህን ሴት ሎሌ አደረግህ?» አለ አቶ ይርጋ። ድምፁን አላነሣም።

ደግነት ዘነቡን አስጠራና ደብተሩን ገልጦ አሥረኛው መስመር ላይ ሊፈርም ብዕሩን አስጠጋ። እሷ ደብተሩን ሳበችው።

«ማንን ወግቼ ነው የምትፈርመው? የሕፃኑ ካርድ ቁጥር ይጻፋል እኮ።»

«የአንዱን እንጽፋለን። ማን ያያል?»

«ሕፃን ይምጣ፤ አይተህ ትፈርማለህ።»

ተቀመጥን። የታመመ ሕፃን ይምጣ ብሎ መጠበቅ ክፉ ነገር ነው። አቶ ይርጋን እስቲ ጸልይ ስለው «እንዲህ ያለ ጸሎት የለም» አለኝ።

አሥራ አንድ ተኩል ላይ ሀዲጃ የምትባል ባለሱቅ የሁለት ዓመት ልጇን ታቅፋ ገባች። ተቅማጥ ከያዘው ሁለተኛ ቀኑ ነበር። ደግነት ፊቱ በራ፤ ጓንትና ካኑላ አቀረበ። እኔም ልቤ ደስ አለው፤ አልክድም።

ዘነቡ የልጁን የሆድ ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀች። ዓይኖቹን አየች። ትንሽ ጎድጉደዋል። ውኃ በማንኪያ ስትሰጠው ማንኪያውን በሁለት እጁ ይዞ ጠጣ።

«ይጠጣል» አለች። «ኦአርኤስ ይበቃዋል።»

«ግሉኮስ ብናደርግለትስ?» አለ ደግነት ቀስ ብሎ። «አንድ መርፌ ናት። ሰዓቱን አይተሻል?»

«ይሰቀልለት እንጂ» አለች ሀዲጃ። «በልጄ ላይ ነው የምትሰስቱት?» እዚህ አገር ግሉኮስ ሳይሰቀልለት ታከምኩ የሚል የለም።

እናቲቱ ፈልጋለች። ፈራሚው ብዕር ይዟል። እኔም አንድ መርፌ ምን አላት የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«የሚጠጣ ልጅ አይወጋም» አለች ዘነቡ። «ይህንንም አስተምሬህ ነበር።»

የኦአርኤሱን ዱቄት በውኃ በጥብጣ ልጁን ማንኪያ በማንኪያ ታጠጣው ጀመር። አንዴ አስመለሰው፤ አሥር ደቂቃ ጠብቃ እንደገና ጀመረች። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መልእክት ገባ። ደግነት ጎንበስ ብሎ አነበበና «ተዘጋ» አለ። እሷ ቀና አላለችም።

ልጁ ሸና፤ ውኃው ሰውነቱ ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው። እናቱ አልሐምዱሊላህ አለች። ዘነቡ እጇን ታጥባ ወደ ቤቷ ሄደች።

ሰኞ ለዩኒቨርሲቲው የሆነውን ሁሉ ጻፈች። ሕፃኑ ስለሚጠጣ አልወጋሁትም አለች። መልሱ በሁለት ደቂቃ መጣ፤ ሰው የጻፈው አይመስለኝም። የተግባር ደብተርዎ ስላልተሟላ ለቀጣዩ ሴሚስተር ይመዝገቡ ይላል። ጉድለቷ አንድ ሕፃን አለመውጋቷ ነው። አንዱን ሕፃን አራት ጊዜ የወጋው ግን ፈራሚ ነው፤ እሱን ሴሚስተር ድገም ያለው የለም።

የአዲሱን ሴሚስተር መመዝገቢያ ቅጽ ስትሞላ አጠገቧ ነበርኩ። የፈራሚው ስም የሚል ቦታ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ማንን ትጽፊያለሽ?» አልኳት።

«ሌላ ማን አለ፣ አባባ?» አለችኝ፤ ደግነት ይርጋ ብላ ሞላችው።