አባቴ ቢሆኑ

«ብርቱካን ምላሷ እሬት ነው» ይሉኛል፤ ይበሉ። እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። ደብረ ታቦር ውስጥ በእጄ ያላለፈ ጎረምሳ ጥቂት ነው፤ እሬት ያልቀመሰ ደግሞ ቋንቋ አይገባውም።

አባቴ መሪጌታ ገብረኪዳን ናቸው። ጉና ሥር ካለ ደብር ድጓ ሲያስተምሩ ኖረው ግራ ዓይናቸውን ትራኮማ ወሰደው፤ ቀኙን ደግሞ ሞራ ጋረደው። ከውጭ አገር የመጡ ሐኪሞች በነጻ ሞራ ይገፍፋሉ ሲባል ሰማሁና ተነሣሁ። ለመንኋቸው፣ ተቆጣሁ፣ አለቀስሁ፤ ግማሹን በበቅሎ ግማሹን በመኪና አመጣኋቸው። ሆስፒታሉ የደረስነው በሕክምና ዘመቻው የመጨረሻ ቀን ነው። ሐኪሞቹ ነገ ይሄዳሉ፤ መቼ እንደሚመለሱ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ከዚያ ግቢ አባቴን ሳላሳክም ላልወጣ ቆርጬ ነው የገባሁት።

ካርድ ላወጣ ሄጄ ስመለስ አባቴ ከምርመራው ክፍል ወጥተው፣ ጥምጣማቸውን እያስተካከሉ ቆመዋል። ፈረንጁ ሐኪምም ግራ ገብቶት በሩ ላይ ቆሟል።

«ነይ እንሂድ» አሉኝ አባቴ።

«ወዴት?»

«ወዳገሬ ነዋ። ይኸ ሰው አባቱን ገድሏል።»

ዞር ብዬ አስተርጓሚውን አየሁት። በላይነህ ነው፤ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ፣ ለጽድቅ ብሎ ሊያስተረጉም የመጣ። ያውም የኔው ተማሪ የነበረ።

«ምን አልሃቸው?»

«ሐኪሙ ያሉትን ነው ቲቸር። ኢፍ ሂ ወር ማይ ፋዘር፣ አይ ውድ ኦፐሬት ቱደይ አሉ። እኔም ‹አባቴ በነበሩ ጊዜ ኦፕራሲዮን አደርጋቸው ነበር› ብዬ ነገርኋቸው። ‹ነበሩ? አሁንሳ?› ሲሉኝ፣ እንግዲህ የሉም ይሆናል አልሁ።»

ደሜ ፈላ። «አንተ፣ ‹ወር› ባየህ ቁጥር ‹ነበር› ነው እንዴ? ‹ኢፍ› የምትለዋን የት ጣልሃት? ‹አባቴ ቢሆኑ ዛሬውኑ ኦፕራሲዮን አደርጋቸው ነበር› ነው ያለህ። አባቱ ቢሆኑ! እንዲህ አድርጌ ነው ያስተማርሁህ?»

በላይነህ አንገቱን ደፋ። እሱን መውቀጥ ግን አባቴን አያስቀርልኝም። ወደ መውጫው ሲያመሩ ፊታቸው ቆምሁ።

«አባዬ፣ ይስሙኝ። አስተርጓሚው ተሳስቶ ነው። ሐኪሙ አባቱን አልነካም፤ ‹እኝህ ሰው የኔ አባት ቢሆኑ› ነው ያለው።»

«‹ነበሩ› የሚል ቃል ከአፉ ወጥቷል ወይስ አልወጣም?»

«ወጥቷል። እንግሊዝኛ ያልሆነውን ነገር ቢሆን ብሎ ሲያስብ ግሡን ወደ ኋላ ይመልሰዋል። የሆነ ነገር ሆኖ አይደለም።»

«ያልሆነውን በሆነ የሚናገር ሰው ስለት ይዞ ዓይኔ ላይ እንዲመጣ ነው የምትለምኚኝ?»

«እኛስ ‹ዝናብ ከጣለ እንገባለን› እንል የለም? ‹ጣለ› እያልን እኮ ነው። የታለ ዝናቡ?»

አባቴ ጆሯቸውን ወደ እኔ አዘነበሉ። ሰዋስው ሲነሣ እንዲህ ናቸው፤ ቢቆጡም ያዳምጣሉ። ከዚያ ፊታቸውን ቅድም የሐኪሙ ድምፅ ወደመጣበት መለሱ።

«እሺ። አባቱ በሕይወት አሉ ወይ ብለሽ ጠይቂው። አሉ ካለ እገባለሁ። የሉም ካለ ግን ወዳገሬ።»

ጠየቅሁት። ሐኪሙ ጓንቱን አውልቆ ኪሱ ከተተ። ከዚያ በዝግታ፣ ቃል በቃል እንድይዘው አድርጎ ነገረኝ። በላይነህም የሰማው ገብቶታል መሰለኝ፣ ጠጋ ብሎ «‹አሉ› ይበሏቸው ቲቸር፣ ማን ያውቅብዎታል» አለ በሹክሹክታ።

እውነት ለመናገር ቃሉ ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። አንዲት «አሉ» ብቻ ናት የቀረችኝ። ነገር ግን እኝህን ሰው፣ በልጅነቴ አንድ ፊደል ዘልዬ ሳነብ ከመጀመሪያው የሚያስጀምሩኝን ሰው፣ አታልዬ ስለት ሥር ላስተኛቸው? አልሆነልኝም። በእውነት ወይም በምንም አልሁ።

«የሉም አባዬ። ዓይናቸው ጠፍቶ ነው የሞቱ፤ እሱ ገና ሐኪም ሳይሆን። ‹ያኔ ሐኪም ብሆን ኖሮ፣ አባቴ የልጆቼን ፊት ያዩ ነበር› ይላል።»

በላይነህ አልቆለታል ብሎ ወደ መሬት አየ። እኔም ለሌላ ክርክር ትንፋሼን ሰበሰብሁ።

«ኖሮ» አሉ አባቴ፣ ቀስ ብለው። «ይኸን ተሸክሞ ነዋ ባሕር የተሻገረው።»

«እንደዚያ ነው የሚመስለኝ።»

«እኔ ዛሬ ብሄድ አንቺም ልትዪው ነው? አባቴ እሺ ቢሉኝ ኖሮ እያልሽ?»

«እላለሁ» አልሁ፤ እንባዬን መያዝ አቃተኝ። «እስክሞት እላለሁ።»

አየሩን ዳብሰው ክንዴን አገኙት፤ ጠበቅ አድርገው ያዙኝ።

«እኔ ላንቺ የማወርሰው ቤት የለኝ፣ መሬት የለኝ። ኖሮን ግን አላወርስሽም። በይ ምሪኝ፣ የሐኪሙ በር በየት በኩል ነው?»