ጥጃው የት አለ?

የወንድሜ ልጅ ሁለተኛ ዲግሪዋን ስትማር ያረጀሁት እኔ ነኝ። እሷማ ወጣት ናት፤ ታለቅሳለች፣ ፊቷን ትታጠባለች፣ አለቀ። እኔ ግን ከስፌት መኪናዬ ኋላ ተቀምጬ፣ እግሬ መርገጫው ላይ፣ አንድ እጄ የሕፃን ልጇ አልጋ ላይ፣ ስለ ወተት መኮምጠጥ ስሰማ ከረምኩ።

ልጆቼ፣ ምርምር ሲባል እንደ ሰማይ የራቀ ነገር እንዳይመስላችሁ። የሷ ጥናት ስድስተኛ ክፍል ላይ ላቋረጥኩት ለእኔ እንኳ ወለል ብሎ ገብቶኛል። ገበሬው ጠዋት ያልባል። ወተቱ መሰብሰቢያ ጣቢያ እስኪደርስ ይኮመጥጣል፣ ጣቢያው አልቀበልም ይላል፣ ገበሬው እያዘነ ይደፋዋል። ጥፋቱ የመንገዱ ነው? የፀሐዩ ነው? ወይስ የዕቃው? እሷ የምትጠረጥረው የፕላስቲክ ጀሪካኑን ነው። አንገቱ ጠባብ ነው፣ እጅ አያስገባም፣ ውስጡን በደንብ ማጠብ አይቻልም። ይኸው ነው። ይህን ለማጣራት ደግሞ የሙቀቱ ወራት ላይ መድረስ አለባት፤ በብርድ ጊዜማ ወተቱም ቸኩሎ አይበላሽም። መሥሪያ ቤቷ የሰጣት የትምህርት ፈቃድም የሚያበቃው ሙቀቱ ሲያበቃ ነው። ያ ወቅት ካመለጣት ትምህርቱም አመለጣት ማለት ነው።

ታዲያ ዝም ብሎ ተነሥቶ መሄድ የለም። መጀመሪያ "የሥራ ሂደት ገለጻ" የሚሉት ነገር አለ። ተማሪው ኮሚቴ ፊት ይቆማል፣ እስካሁን የሠራውንና ወደፊት የሚሠራውን ያስረዳል። ካመኑበት "ሂድ መረጃህን ሰብስብ" ይላሉ፣ ካላመኑበት ይመልሱታል። የእኔን ልጅ ሁለት ጊዜ መለሷት። ለምን? "አማካሪሽ በሰጡሽ አስተያየት መሠረት አላስተካከልሽም።"

አማካሪዋን ልንገራችሁ። ዶክተር ናቸው፣ የተከበሩ ሰው ናቸው፣ ግን የሚይዟቸው ተማሪዎች ከቁጥር በላይ ናቸው። ቢሯቸው በሄደች ቁጥር ወይ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ወይ አሁን ወጡ፣ ወይ አሁን ይመጣሉ። ኮሪደር ላይ ብታገኛቸው ሳይቆሙ "በአስተያየቱ መሠረት፣ በአስተያየቱ መሠረት" እያሉ ያልፏታል። አስተያየቱ የሚመጣው በስልክ ነው፤ እሷ የጻፈችውን ትልክላቸዋለች፣ እሳቸው በድምፅ ይመልሳሉ። ሲናገሩም አንቺም አንተም አይሉ፤ "ይጨመር። ይቀነስ። ይስተካከል።" በር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ አፍ አውጥቶ የሚናገር ነው የሚመስለው።

አንድ ቀን ጃኬት እያጠበብኩ እንዲህ የሚል መልእክት መጣ፤

"ደህና ነው። ግን ጥጃው የት አለ?"

መኪናዬን አቆምኩ። "የምን ጥጃ?"

"እኔም አልገባኝም አክስቴ።"

"መልሰሽ ጠይቂያቸዋ!"

ፈራች፣ ተባች፣ በመጨረሻ ጻፈችላቸው። "ዶክተር፣ የእኔ ጥናት ስለ ወተት ነው" አለቻቸው። መልሱ ከሳምንት በኋላ መጣ፤ "ወተት ያለ ጥጃ ከየት ይመጣል? በጥልቀት ይታሰብበት።"

በጥልቀት አሰበችበት። እኔም አሰብኩበት። ሕፃኑ ብቻ ነው ያላሰበበት። ከዚያ ልጅቷ ምን ታድርግ፣ ጥጃ ከተተችበት። መጀመሪያ አንድ አንቀጽ ነበር። "ጥሩ ጅምር። ጥጃው ይስፋ።" አንድ ምዕራፍ ሆነ። "ወተቱ በዝቷል፣ ይቀነስ።" ቀነሰች። "ጥጃው ከእናቱ ሲለይ ክብደቱ በየወሩ ይመዘን።" ይህን ስሰማ ትዕግሥቴ አለቀ።

"አንቺ ልጅ፣ አንድ ጥጃ በየወሩ እየመዘንሽ ወተቱን መቼ ልታዪው ነው? ልጅሽን በቅጡ ያልመዘንሽ!"

"ምን ላድርግ አክስቴ? ፈራሚው እሳቸው ናቸው።"

ከዚያ በኋላ ቤታችን ጥጃ ገባበት። ልጅቷ ግድግዳው ፊት ቆማ በእርሳስ እያመለከተች ታጠናለች፣ እኔ ኮሚቴ ነኝ፣ ቁልፍ እየተከልኩ እጠይቃታለሁ። ስለ ጀሪካኑ ስታወራ ዓይኗ ይበራል፣ እጇ ሳታዝዘው ይንቀሳቀሳል። ጥጃው ጋ ስትደርስ ድምፅዋ ይሞታል። ሰው የማያውቀውን ዘመድ ሲያስተዋውቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ።

የሦስተኛው ገለጻ ቀን ደረሰ። የመጨረሻ ዕድሏ ናት። ሕፃኑ ስለሚጠባ አብሬ ሄድኩ። እሷ አዳራሹ ውስጥ ገብታ ከገመድና ከኮምፒውተር ጋር ስትታገል፣ እኔ ልጁን ጀርባዬ ላይ አድርጌ ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ እላለሁ። የኮሪደሩ መብራት አንዱ ይበራል አንዱ ይጠፋል። መጨረሻው ላይ አንድ ረጅም ጎልማሳ ወደ መስኮቱ ዞሮ፣ ሸሚዙ ከጀርባው ረጥቦ፣ ለብቻው ያጉረመርማል። ተራውን የሚጠብቅ ተማሪ መሆኑ ያስታውቃል። ሳልፍ ሳገድም ጆሮዬ ውስጥ ጥልቅ አለ፤

"...የጀሪካኑ አንገት ጠባብ በመሆኑ ውስጡን በሚገባ ማጠብ አዳጋች..."

ቆምኩ። የቤቴን ሶፋ ሌላ ሰው ቤት ያየሁ ነው የመሰለኝ።

"አንተ ልጅ" አልኩት፣ "አንተም ወተት ነህ?"

ዘወር አለ። ዓይኑ እንቅልፍ አጥቷል። "ኧረ እኔስ ጥጃ ነበርኩ እማማ።"

"ነበርኩ?"

"ጥናቴ ጥጃ ቶሎ ከእናቱ ሲለይ እድገቱ ምን ይሆናል የሚል ነበር። አማካሪዬ 'ወተቱ የት አለ?' አሉኝ። ወተት ጨመርኩ። 'ማጓጓዣ ዕቃው የት አለ?' አሉኝ። ዕቃ ጨመርኩ። አሁን ጥጃዬ አንድ ገጽ ላይ ተኮራምቶ ቀርቷል። በሕይወቴ ጀሪካን አጥቤ አላውቅም፣ እማማ!"

"አማካሪህ ማን ናቸው?"

ነገረኝ። ልጁን እንዳዘልኩ አዳራሹ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ። የኔዋን በክንዷ ይዤ ወጣሁና ፊት ለፊት አቆምኳቸው። እሱ የማታ ተማሪ ነው፣ እሷ የቀን፤ ተያይተው አያውቁም።

"ይቺ ወተት ናት" አልኩ። "ይኼ ጥጃ ነው። ተነጋገሩ።"

ስልካቸውን አወጡ፣ ጎን ለጎን ይዘው መልእክቶቹን ከፈቱ። ከወዲያ "ወተቱ በዝቷል፣ ይቀነስ"፣ ከወዲህ "ጥጃው በዝቷል፣ ይቀነስ"። ረጅሙ ሳቀ። የኔዋ አልሳቀችም፤ ግድግዳውን ተደገፈች። አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ጥጃ ስታሳድግ መኖሯ ነው።

ዶክተሩ ይሄኔ በሁለት እጃቸው ሁለት ቦርሳ ይዘው እየተጣደፉ መጡ። እንደ ልማዳቸው "በአስተያየቱ መሠረት" እያሉ ሊያልፉ ሲሉ ሁለቱ መንገዱን ዘጉት። ልጅቷ ሁለቱን ስልኮች እያሳየች ነገረቻቸው። እሳቸው ቦርሳቸውን አስቀመጡ፣ ስልካቸውን ከዓይናቸው አርቀው ያዙና ፈለጉ። ተማሪዎቻቸውን ስልኩ ላይ የመዘገቧቸው በስማቸው ሳይሆን በጥናታቸው ርዕስ ነው ለካ። "ወተት" የሚለውን ተጫኑት።

የረጅሙ ኪስ ውስጥ ጮኸ።

ዶክተሩ "ጥጃ" የሚለውን ተጫኑ። የኔዋ እጅ ላይ ጮኸ። ሕፃኑ ደነገጠና አለቀሰ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ እዚህ ላይ አንድ ሰው "ይቅርታ" ይላል ብላችሁ ጠብቃችኋል። እኔም ጠብቄ ነበር።

"ጠርጥሬ ነበር" አሉ ዶክተሩ፣ ዓይናቸውን በጨው ታጥበው። "አንድ ተመራማሪ ርዕሱን ከአማካሪውም ጭምር መከላከል መቻል አለበት። መቼ ትከላከላላችሁ ብዬ ስጠብቅ ነበር።"

"ዶክተር፣ ጻፍኩልዎት እኮ!" አለች የኔዋ።

"በቂ ማስረጃ አልነበረውም።"

ረጅሙ ጣራውን አየ። እኔ ምላሴን ነከስኩ፤ የምናገረው ነገር ለሕፃን ጆሮ አይሆንም።

"ታዲያ አሁን ለኮሚቴው ይንገሩልን" አለች።

"አሁንማ ጽሑፉ እጃቸው ገብቷል። እንዳለ ይቅረብ። ካለፈ በኋላ ይስተካከላል።"

"ካለፈ በኋላ ጥጃ ልመዝን ነው የምላከው! ሙቀቱ ያልፈኛል፣ ፈቃዴም ያልቃል።"

ዶክተሩ ሰዓታቸውን አዩና ቦርሳቸውን አንስተው ገቡ።

የእኔ ልጅ በሩ ላይ ቆማ ተነፈሰች። ልጇን ከጀርባዬ አውርዳ እዚያው ቆማ ትንሽ አጠባችው፣ ሳመችው፣ መለሰችልኝ። ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ ሄደች። ምን ስታደርግ እንደነበረ ቆይቶ ነው የገባኝ።

እኔና ረጅሙ መጨረሻው ወንበር ላይ፣ በሩ ጥግ ተቀመጥን። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጀምሪ አላት። ጀመረች። መንገዱን አሳየች፣ ፀሐዩን አሳየች፣ ጀሪካኑን አሳየች። በእጇ የጠበበውን አንገት አየር ላይ ሠርታ እጇን ለማስገባት ስትታገል፣ አንዱ ገምጋሚ ሳያውቀው የራሱን ጣቶች ሰበሰበ። እኔ ጥጃው እስኪመጣ በልቤ እየተሳቀቅሁ ስጠብቅ ስጠብቅ፣ "አመሰግናለሁ" ብላ ጨረሰች። ጥጃውን አውጥታ ጥላዋለች!

መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ገምጋሚ ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አደረገች። "አንድ ነገር ጠፋብኝ" አለች። "እዚህ እኛ እጅ ላይ ግማሹ ጥጃ ነው። ጥጃው የት አለ?"

ያቺ ጥያቄ! አንድ ዓመት ሙሉ ቤቴ ውስጥ ያደረች ጥያቄ!

የኔዋ ወደ ዶክተሩ አየች። ዶክተሩ ወደ ወረቀታቸው አዩ። ሕፃኑ እቅፌ ላይ ተወራጨ። ልጅቷ ጉሮሮዋን ጠራረገች።

"ጥጃው የእኔ አይደለም" አለች። "በአስተያየት ነው የገባው። እኔ የማጠናው ወተቱን ነው፣ ሦስት ጊዜ እዚህ የቆምኩትም ለወተቱ ነው።"

"የማን ነው ታዲያ?" አለ ሰብሳቢው።

"የእኔ ነው!" ብሎ ረጅሙ ከጎኔ ብድግ አለ። ወንበሩ ከኋላው ተንጋለለ። "ጥጃው የእኔ ነው፣ ጀሪካኑን ውሰዱልኝ!"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ያልሳቁት ዶክተሩና ሰብሳቢው ብቻ ናቸው። ሰብሳቢው መነጽሩን አወለቀ። "ዶክተር?"

ዶክተሩ ቀስ ብለው ተነሡ። ላብ ግንባራቸው ላይ ነበር፤ በዚያች ደቂቃ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ አሳዘኑኝ። ደክመዋል። የሸሚዛቸው አንድ ቁልፍ የለም፤ የሚነግራቸው ሰውም የላቸውም ይሆናል። "ጥጃውን ያስገባሁት እኔ ነኝ" አሉ። ልቤ ራራ። "ለማነፃፀሪያ" ብለው ተቀመጡ። ልቤ መልሶ ጠነከረ።

ገምጋሚዋ ፈገግታዋን በወረቀቱ ሸፈነች። ሰብሳቢው ከግራ ከቀኝ ካሉት ጋር ተንሾካሾከ። "ጥጃው ይውጣ" አለ። "ወተቱ በቂ ነው። ሂጂ፣ ሙቀቱ ሳያልፍሽ ሰብስቢ።" ለረጅሙም ተራው ሲደርስ ጀሪካኑን አውልቀውለት ጥጃውን መለሱለት። ሰውየው በደስታ ሊያቅፈኝ ምንም አልቀረው።

ሙቀቱ ገባ። ልጅቷ በየጠዋቱ መሰብሰቢያ ጣቢያው ትሄዳለች፣ እኔም ልጇን ይዤ ከጣቢያው አጠገብ ያለው ጥላ ሥር እቀመጣለሁ። ገበሬዎቹ ይመጣሉ፣ እሷ ክዳን ትከፍታለች፣ ታሸታለች፣ ትጽፋለች። ሰሞኑን እጇን እየታጠበች ሳለ ስልኳ ጮኸ። ክፈቺልኝ አለችኝ፣ ከፈትኩት።

"ደህና ነው። ግን የጥጃው ክብደት ለምን ቀነሰ? ምክንያቱ ይብራራ።"

ደሜ ፈላ። "ዛሬም?"

እሷ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ስልኩን ተቀበለችኝና መልእክቱን እንዳለ ለረጅሙ አስተላለፈችው። ትንሽ ቆይቶ ከእሱ ዘንድ ስለ ጀሪካን ክዳን የሚያወራ መልእክት መጣላት። ለካ ሁለቱ ተስማምተዋል፤ የሚደርሳቸውን ይቀያየራሉ።

"አንቺ ልጅ፣ ስልካቸውን እንዲያስተካክሉ ለምን አትነግሪያቸውም?"

"ነግሬያቸዋለሁ አክስቴ። 'ይስተካከላል' አሉ።"

"ማን ሊያስተካክለው?" አልኳት።

እሷ ግን አልሰማችኝም፤ ቀጣዩ ገበሬ ጀሪካኑን አውርዶ ነበር።