የዲሬክተሯ ኦፕራሲዮን

"ጥርሴን አልሰጥም!" አለች ዲሬክተሯ፣ ባለጎማው አልጋ ላይ እንደተጋደመች አፏን በመዳፏ ከድና።

ነርሷ ክዳን ያለው ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ይዛ ቆማለች። "እማማ፣ ማደንዘዣ ሲሰጥዎት ወልቆ ጉሮሮዎ ውስጥ እንዳይገባ ነው። ሁሉም ሰው ያወልቃል።"

"ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። ድዴን ካየ በኋላ እንዴት አድርጎ ያከብረኛል?"

ታናሽ እህቷ ሳቋ አመለጣት። "እትዬ፣ ሰውየው የሚያየው አንጀትሽን እኮ ነው!"

ዲሬክተሯ ገላመጠቻት። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ጥርሷን አወለቀችና ሰጠች። ጉንጮቿ ወዲያው ወደ ውስጥ ገቡ። ታናሽየዋ ሳቋ ጠፋ፤ አብረው ሲኖሩ እንኳ እህቷን እንዲህ ሆና አይታት አታውቅም።

ዲሬክተሯ ዘጠና አልፏታል። ለረጅም ዘመን የሴቶች ትምህርት ቤት መርታ ጡረታ ብትወጣም ሰፈሩ ዛሬም የሚጠራት በሹመቷ ነው። እናታቸው የሞተችው ታናሽየዋ ገና ድክ ድክ ስትል ነበር፤ አዝላ ያሳደገቻት ዲሬክተሯ ናት። የምትለብሰውን ቀሚስ፣ የተማረችውን የልብስ ስፌት፣ ያገባችውን ሰው ሳይቀር መርጣላታለች። ታናሽየዋ ባሏ ሞቶባት የስፌት መኪናዋን አስጭና እህቷ ቤት ከገባች በኋላም ነገሩ ያው ነበር፤ ሰማንያን ተሻግራ እንኳ "አንቺ ልጅ፣ ሹራብ ደርቢ" ትባላለች።

ዲሬክተሯ የበላችው አልረጋ ብሏት፣ ሆዷ ተነፍቶ ሆስፒታል ስትገባ፣ አንጀቷን እጢ ሊዘጋው ጥቂት እንደቀረው ታወቀ። የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ወንበር ስቦ አጠገባቸው ተቀመጠና አስረዳቸው። ሆዷን በሰፊው ሳይከፍት፣ በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና ቀጫጭን መሣሪያ አስገብቶ የታመመውን አንጀት ቆርጦ ማውጣት ይችላል።

የወንድማቸው ልጅ አውቶቡስ ነጂ ነው። ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። "ሰማችሁ? ቀዳዳው እኮ ጣት አያክልም! መርፌ እንደ መወጋት ቁጠሩት።"

"እንደሱ እንኳ አይደለም" አለ ሐኪሙ። "ቀዳዳው ቢያንስም ኦፕራሲዮኑ ትልቅ ነው። ሆድ ከመክፈት ይሻላል፤ ሕመሙ ይቀንሳል፣ ቶሎ ያስነሳል። ዕድሜ ብቻውን አይከለክለንም፤ በእርሳቸው ዕድሜ ተሠርቶላቸው በእግራቸው ወደ ቤት የሄዱ አሉ። ግን ልባቸውም ሳንባቸውም የዘጠና ዓመት ሰው ነው። እኔ በደንብ ብሠራው እንኳ ሰውነታቸው ላይችለው ይችላል።"

"ባይሠራስ?" አለች ታናሽየዋ።

"ይዘጋል። እሱ ደግሞ ክፉ ስቃይ ነው።"

ዲሬክተሯ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ስታዳምጥ ቆየችና ወደ እህቷ ዞረች። "አንቺ ምን ትያለሽ?"

ታናሽየዋ በሕይወቷ ይህን ጥያቄ ከዚህ አፍ ሰምታው አታውቅም። ከኋላዋ ሌላ ሰው ያለ ይመስል ዞር ብላ አየች።

"አንቺን እኮ ነው!"

"ይሠራልሽ፣ እትዬ" አለች በመጨረሻ። "እኔ ያላንቺ ምን ይውጠኛል?"

"እንግዲያው ይሠራልኝ" አለች ዲሬክተሯ፤ ነገሩም በዚሁ አለቀ።

አሁን ባለጎማው አልጋ እየተገፋ ከበሩ ማዶ ተሰወረ። ታናሽየዋና አውቶቡስ ነጂው ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጡ። እሱ ያወራል፤ እሷ ትሰማ አትሰማ እንደሆነ አይታወቅም። ሐኪሙ ቆቡን በእጁ ይዞ ወጣ።

"ደህና ናቸው" አላት ጎንበስ ብሎ። "እጢውን አውጥተነዋል። ደምም ብዙ አልፈሰሳቸውም።"

በማግስቱ ዲሬክተሯ ጥርሷን አስመልሳ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሾርባ ቀመሰች። የነርሷን ክንድ ይዛ እስከ መስኮቱ ሄዳ ተመለሰች፤ በመንገዷ ላይ አንዷን በሽተኛ "አንቺ፣ ቀና ብለሽ ተቀመጪ" አለቻት። አውቶቡስ ነጂው ለዘመድ ሁሉ እየደወለ "አላልኳችሁም?" ሲል ዋለ።

ከዚያ በኋላ ግን አንድ ጠዋት ታናሽየዋ ስትገባ፣ እህቷ ብርድ ልብሱን ጠቅልላ በክንዷ ታቅፋው አገኘቻት።

"እማዬ፣ መጣሽ?" አለች ዲሬክተሯ። ድምፅዋ ቀጥኗል። "ትንሿ አልተኛም አለችኝ።"

ታናሽየዋን ነርሷ ወደ ጎን ወሰደቻት። "ከማደንዘዣና ከሕመም በኋላ ትልልቅ ሰዎች ላይ ይመጣል። ብዙውን ጊዜ ይመለሳሉ። መነጽራቸውን ያድርጉላቸው፤ ማን እንደሆኑ፣ የት እንዳሉ ቀስ ብለው ያስታውሷቸው።"

ታናሽየዋም የተባለችውን አደረገች። "እትዬ፣ እኔ እኮ ነኝ። እህትሽ። ሆስፒታል ነው ያለነው።"

"እማዬስ የታለች?"

"እናታችን ከሞተች ስንት ዘመኗ፣ እትዬ።"

ዲሬክተሯ መርዶ ዛሬ እንደተነገራት ሁሉ ፊቷ ተጨማደደ፤ ጥቅሉን ብርድ ልብስ ደረቷ ላይ አጥብቃ እንደ ልጅ አለቀሰች። ጥቂት ቆይታ ደግሞ ረሳችው። "እማዬ፣ ትንሿ በላች?" ታናሽየዋም እንደገና አረዳቻት። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ሆኑ።

ቀጥሎ ሳል መጣ፤ ትኩሳት ተከተለ። ኦክስጅን ተደረገላት፣ መድኃኒት ተለወጠላት። ሐኪሙ ጠዋትም ማታም ይመጣል፤ በመጣ ቁጥር ግን የሚናገረው እያነሰ ሄደ። በመጨረሻ ሁለቱን ኮሪደር ላይ ጠራቸው።

"ሆዳቸው ደህና ነው። አንጀታቸውም ይሠራል። ሳንባቸው ነው የከዳን። ማሽን እንዲተነፍስላቸው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ልናስገባቸው እንችላለን። ግን ከዚያ የሚነሱ አይመስለኝም።"

አውቶቡስ ነጂው ግድግዳውን በመዳፉ መታው። "ጣት አያክልም ተብሎ! መርፌ ነው ተብሎ!"

"እሱን ያልከው አንተ ነህ፣ ልጄ" አለች ታናሽየዋ በዝግታ።

እጁ እንደተዘረጋ ግድግዳው ላይ ቀረ። እሷም ወደ ራሷ ሳበችው።

"ይሠራልሽ ያልኳት ደግሞ እኔ ነኝ" አለች ሐኪሙን እያየች። "ለኔ ብዬ ነው ያልኩት። ብተዋትስ ኖሮ?"

ሐኪሙ፣ "በዚያው በሕመሙ ትሞት ነበር። ዛሬም ብጠየቅ ይሞከር የምል ይመስለኛል" አለ። ለዲሬክተሯ የሚሰጠውን አንቱታ እንኳ ረስቶታል። "እርግጠኛ ነኝ ብዬ ግን አልዋሽዎትም።"

ታናሽየዋ ራሷን ነቀነቀች። "ማሽኑ ይቅር። እንዳትጨነቅ ብቻ አድርጉልኝ።"

ወደ ክፍሉ ስትመለስ የከሰዓት ፀሐይ አልጋው ግርጌ ደርሷል። ዲሬክተሯ ዓይኗን ጨፍናለች፤ ክንዷ ግን ጥቅሉን ብርድ ልብስ አለቀቀም፤ ጣቶቿ ከመጨበጥ ብዛት ነጥተዋል። ወንበሩ ሲንቀሳቀስ ዓይኗን ገለጠች።

"እማዬ?"

"እህትሽ ነኝ" የሚለው ቃል ታናሽየዋ ምላስ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው።

"አቤት፣ ልጄ" አለች።

"ትንሿ... በላች?"

"በልታለች።"

"ታለቅሳለች... እኮ።"

"አሁን ተኝታለች። ስታዝያት ነው የዋልሽው፤ ክንድሽ ዛለ። በይ ስጪኝ፤ እኔ እይዛታለሁ።"

ዲሬክተሯ ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ጣቶቿ አንድ በአንድ ተፈቱ። ታናሽየዋ ጥቅሉን ብርድ ልብስ አንገቱን እንደ መደገፍ አድርጋ በጥንቃቄ ተቀበለችና፣ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ቀስ እያለች ትወዘውዘው ጀመር።