ሜትር አያዳላም

ደምለው ወደ ደባርቅ ከመዛወሩ በፊት ጎንደር ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ስምንት ዓመት ቅርጫት ኳስ አሰልጥኗል። ደባርቅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም ተጫዋች የሚመርጠው በዓይኑ ሳይሆን በሜትሩ ነበር። ቁመት፣ የክንድ ርዝመት፣ ዕድሜ፣ ጤና፣ ቆሞ የሚዘልለው ከፍታ፣ ሁሉም በደብተሩ ላይ ይሰፍራል። የሹም ልጅ ቢሆን የገበሬ ልጅ ለእሱ አንድ ነው። "ሜትር አያዳላም" ይል ነበር።

ሌላም ደንብ ነበረው። ከሜዳው ዳር ሆኖ የሚጮህ ዘመድ ስለማይጠፋ፣ ልጆቹ ትእዛዝ የሚቀበሉት ከእሱ አፍ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ "ዛሬ ልምምድ የለም" የሚል የሐሰት መልእክት በሰው ልኮ ፈተናቸው። አምነው የቀሩትን አራቱን ከቡድኑ አስወጣቸው። ከዚያ ወዲህ የቀረ የለም፤ የጎረቤት ከተማ ቡድን የሆኑትን ዳባቶችንም በሜዳቸው ሁለት ጊዜ አሸነፉ።

በ1977 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ካድሬው አለኸኝ ልምምድ ማየት ጀመረ። መሐረቡን ድንጋይ ላይ አንጥፎ ይቀመጣል። ኳስ ቅርጫት ውስጥ ሲገባ አያጨበጭብም። ደምለው ልብ ብሎ ሲያየው፣ ሰውየው የሚከተለው ኳሱን ሳይሆን የልጆቹን እግር ነበር።

አንድ ሐሙስ ጠራው።

"ጓድ አሰልጣኝ፣ ደብተርህን ርዕሰ መምህሩ አሳየኝ። እንዳንተ ያለ ጸሐፊ ቢኖረን የት በደረስን።"

"ለጨዋታ ነው የጻፍኩት።"

"እኛስ ለምን አልን? ቅዳሜ ዳባት ውድድር አለ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መኪና እንልካለን። አሥራ ሁለቱም ተጫዋቾች ይገኙ።"

"ከማን ጋር ነው የምንጫወተው?"

አለኸኝ ሣቀ። "ስትደርሱ ታውቁታላችሁ።"

ደምለው ወደ ቤቱ ሲሄድ ነገሩን አንድ በአንድ መረመረ። ተጋጣሚው ስም የለውም። ውድድር ቢኖር የዳባቱ አሰልጣኝ ያርጋል ገና ሳምንት ሲቀረው እየፎከረ ደብዳቤ ይልክ ነበር። ማልያ ይዛችሁ ኑ አልተባለም። በደብተሩ የሰፈሩት አሥራ ሁለቱም ግን ዕድሜያቸው ከአሥራ ስምንት ያለፈ፣ ጤናቸው የተመሰከረ ነው። ከየገጠሩ ለብሔራዊ ውትድርና የታፈሱትም መጀመሪያ የተጫኑት ወደ ዳባት ነበር።

ዓርብ ጠዋት ለልጆቹ ሊነግራቸው ሲወጣ ሁለት ሚሊሻዎች በሩ ላይ ቆመዋል። "ውይይት አለ" ብለው ካድሬው ጽሕፈት ቤት ወሰዱት፤ ሽንት ቤት እንኳ ታጅቦ እየሄደ ዋለ። ቃለ ጉባኤ ልትጽፍ የመጣችው የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ውቢት አጠገቡ ስትደርስ፣ "ለአምበሉ ለዋሴ ንገሪው" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ነገ ማንም አይምጣ። ተራራው ላይ አምባራስ ዘመድ ያለው ዛሬውኑ ይሂድ።"

ውቢት የተባለችውን አደረገች።

ቅዳሜ ሚሊሻዎቹ እዚያው ያደረውን ደምለውን ወደ ሜዳው ሲያመጡት፣ ለሁለት ሰዓት አምስት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። አሥራ ሁለቱም በቁመታቸው ተራ ተሰልፈዋል።

"ውቢት አልነገረችህም?" አለው ዋሴን።

"ኧረ ነግራናለች፣ ጋሼ። አሁንስ ማን ይሸወድልዎታል? የፊተኞቹ አራቱ ይበቃሉ።"

ከኋላው ያሉት ሣቁ።

መኪናው መጣ። አለኸኝ ደብተሩን ገልጦ ስም ጠራ፤ እያንዳንዱም "አቤት" እያለ ተጫነ። ውስጥ የተቀመጡትን ባለጠመንጃዎች ሲያዩ ሣቃቸው ቆመ።

"ጋሼ፣ ውድድር አይደለም እንዴ?" አለ ዋሴ ከላይ።

"አይደለም" አለ ደምለው። እሱም ሊወጣ እግሩን ጎማው ላይ ሲያሳርፍ አለኸኝ ክንዱን ያዘው።

"አንተ ቆይ፣ ጓድ አሰልጣኝ። ለከርሞም ታስፈልገናለህ።"

ሰኞ ቡድኑ ውስጥ ቦታ እንደተለቀቀ የሰሙ ሃያ ያህል የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ሜዳው ላይ ጠበቁት። አለኸኝ ድንጋዩ ላይ ተቀምጧል። ከትምህርት ቤቱ ሁሉ ረጅም የሆነው ልጅ ጫማውን አውልቆ፣ ጀርባውን ከግድግዳው ጋር አጣብቆ ቆሟል።

"ስንት ነኝ፣ ጋሼ?"

ደምለው ሜትሩን ከኪሱ አላወጣም።

"አጭር ነህ" አለው። "ሁላችሁም አጭር ናችሁ። ወደየክፍላችሁ ግቡ።"